የደም ምርመራና የሲቲ ስካን ቀን ሲደርስ እንዴት ትችሉታላችሁ?

መምህርቷ፣ ከሐዋሳ

ውድ ወገኖቼ፣ ነዋሪነቴ ሐዋሳ ሲሆን በሙያዬ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኝቶብኝ ቀዶ ሕክምና ከተደረገልኝ በኋላ በሽታው ወደ ጉበቴ መዛመቱ ስለታወቀ፣ በየሦስት ሳምንቱ በሚሰጥ ኬሞቴራፒ እየታከምኩ እገኛለሁ። ሐኪሜ የሕክምናው ዓላማ በሽታውን ለረጅም ጊዜ አፍኖ መያዝ መሆኑን በግልጽ ነግሮኛል። እኔም ይህንኑ ተቀብዬ ሥራዬን ሳላቋርጥ፣ ልጆቼን እያሳደግሁ ለመኖር እየጣርኩ ነው።

መድኃኒቱ የሚያመጣውን ድካምና የጣቶቼን መደንዘዝ ለመድሁት ባልልም ልኩን አውቄዋለሁ። ልኩን ያላወቅሁት የምርመራውን ነገር ነው። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ደም እሰጣለሁ፤ የሁለቱም እጆቼ ደም ሥሮች ከመድኃኒቱ የተነሣ ስለደነደኑ ግን መርፌው ብዙ ጊዜ ተወግቶ ባዶውን ይወጣል። ደሙ ከተገኘም በኋላ ነጭ የደም ሕዋሴ አንሷል ተብሎ ሕክምናው በሳምንት የሚገፋበት ጊዜ አለ። ያን ቀን ሳልበላ፣ ሳልጠነቀቅ ቀርቼ ያጠፋሁት ነገር ያለ ይመስለኛል። ጎረቤቶቼ በቅን ልቡና ቀይ ሥርና ጥሬ ጉበት ያመጡልኛል፤ እናቴ ደግሞ «ይህን ሁሉ ደም እየቀዱሽ ከየት ይተካል?» እያለች ታዝናለች።

ከሁሉ የሚከብደኝ በየሦስት ወሩ የሚነሣው ሲቲ ስካን ነው። ማሽኑ ውስጥ መግባቱን እችለዋለሁ፤ የማልችለው ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ነው። እንደምታውቁት ውጤቱ በታሸገ ፖስታ ተደርጎ በእጃችን ይሰጠናል፣ ከሐኪሙ ጋር የምንገናኝበት ቀጠሮ ግን ከዚያ ቀናት አልፎ ነው። ፖስታው ቁም ሣጥን ውስጥ እስካለ ድረስ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ክፍል ውስጥ ቆሜም ሐሳቤ እዚያው ነው። ባለፈው ጊዜ ታላቅ ወንድሜ ከፍቶ አንብቦት ምንም ሳይነግረኝ ቀረ፤ ፊቱን አይቼ የከፋ ነገር እንዳለ ስለገመትኩ እስከ ቀጠሮው ድረስ በሐዘን ሰነበትኩ። ሐኪሜ ሲያየው ግን በሽታው «ባለበት እንዳለ» ነገረኝ። ይህ ጥሩ ዜና ነው ቢለኝም አለመቀነሱን ብቻ ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

የሚቀጥለው ምርመራዬ እየቀረበ ነው። በዚህ መንገድ ረጅም ጊዜ የተጓዛችሁ፣ እንዲሁም በሙያው ውስጥ ያላችሁ፣ የመርፌውን ቀን፣ የማሽኑን ቀን፣ ከሁሉም በላይ የፖስታውን ቀናት እንዴት እንደምታልፏቸው ብትጽፉልኝ ባለውለታዬ ናችሁ።

የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ከሐዋሳ

እህቴ፣ በቅድሚያ እግዚአብሔር ምሕረቱን ያምጣልዎ። እኔ በዚሁ በከተማችን በአንድ የጤና ተቋም ላብራቶሪ ውስጥ ደም በመቅዳትና በመመርመር ሥራ ላይ ለብዙ ዓመታት ስለቆየሁ፣ ከጥያቄዎ ውስጥ የሙያዬን ድርሻ ልመልስልዎ።

ኬሞቴራፒ በተደጋጋሚ የተሰጠበት ደም ሥር ግድግዳው እየደነደነና እየጠበበ ይሄዳል። በዚያ ላይ ሰውነት ውኃ ሲያንሰውና ሲበርደው ደም ሥር ይበልጥ ይኮማተራል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ታካሚ ወደ እኛ የሚመጣው ከማታው ጀምሮ እህልም ውኃም ሳይቀምስ፣ በማለዳው ብርድ በባጃጅ ተሳፍሮ ነው። ለምን ሳይበሉ እንደመጡ ስጠይቃቸው «ደም የሚሰጠው በባዶ ሆድ ነው» ይሉኛል። የደም ሕዋሳት ቆጠራ፣ ማለትም ሲቢሲ የምንለው፣ እንዲሁም የተለመዱት የኩላሊትና የጉበት ምርመራዎች ባዶ ሆድ አይጠይቁም፤ ባዶ ሆድ የሚያስፈልገው በዋናነት ለስኳር፣ አንዳንድ ጊዜም ለደም ቅባት ምርመራ ነው። ስለዚህ ሐኪምዎ ለይቶ ካላዘዘዎ በቀር ቁርስዎን ይብሉ፣ ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ ደጋግመው ይጠጡ፣ እጆችዎን በጋቢ ሸፍነው ይምጡ። ተራዎ ሲቃረብ እጅዎን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃዎች ማቆየትና ክንድዎን ወደ ታች ማንጠልጠል ደም ሥሩን ያወጣዋል።

ከመቀመጥዎ በፊት ለሚቀዳዎት ባለሙያ «ኬሞቴራፒ እየወሰድኩ ስለሆነ ደም ሥሬ አስቸጋሪ ነው፤ ባለፈው በዚህ በኩል ተገኝቶ ነበር» ብለው ይንገሩት። ይህን የሚነግረኝ ታካሚ ሥራዬን ያቀልልኛል እንጂ አያስቀይመኝም። ክንፍ ያለውን ቀጭን መርፌ፣ በተለምዶ በተርፍላይ የምንለውን፣ ካለ እንዲጠቀም መጠየቅ ይችላሉ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሞክሮ ካልተሳካለት ሌላ ባለሙያ እንዲተካው መጠየቅም ተገቢ ነው፤ እኔ ራሴ ከሁለተኛው ሙከራ በኋላ ባልደረባዬን እጠራለሁ። የሚያዞርዎት ከሆነ ደግሞ ተኝተው ይቀዱ፤ አንገትን ደፍቶ መታገል አያስፈልግም።

ለእናትዎ ይህን ይንገሩልኝ፦ በአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ አምስት ሊትር ገደማ ደም አለ፤ እኛ በአንድ ጊዜ የምንወስደው ብዙውን ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ብልቃጥ አይበልጥም፣ ይኸውም ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። የደም ማነስ ካለብዎት ምክንያቱ በሽታው፣ መድኃኒቱ ወይም የብረት ማዕድን እጥረት ሊሆን ይችላል፤ ለምርመራ የተቀዳው ደም ግን እንዲህ ዓይነት ማነስ አያመጣም።

ስለ ነጭ የደም ሕዋስ ማነስ የጻፉት ልቤን ስለነካው ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ። ኬሞቴራፒው በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሳትን ስለሚያጠቃ፣ በመቅኔ ውስጥ የሚመረቱትን የደም ሕዋሳትም አብሮ ይጎዳል። ከእነዚህ ውስጥ ኒውትሮፊል የተባለው ባክቴሪያን የሚከላከለው ሕዋስ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ በጣም ይወርድና ከዚያ ቀስ እያለ ይመለሳል። በብዙ የሕክምና ዓይነቶች ቀጣዩን ዙር ለመስጠት ቁጥሩ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ 1,500 አካባቢ እንዲደርስ ይጠበቃል፤ ልኩ ግን እንደ መድኃኒቱና እንደ ሐኪሙ ውሳኔ ይለያያል። ሳይደርስ ሲቀር ሐኪሙ ሳምንት የሚጨምረው መቅኔዎ እንዲያገግም ነው። ቁጥሩ የወረደው በመድኃኒቱ ምክንያት እንጂ እርስዎ ምግብ ስለቀነሱ ወይም ስላልተጠነቀቁ አይደለም። ቀይ ሥር መልካም ምግብ ነው፣ ቢበሉት አይጎዳዎትም፤ ነገር ግን ኒውትሮፊልን ለይቶ ከፍ የሚያደርግ ምግብ የለም። የሚያስፈልግ ሆኖ ከተገኘ ለዚህ የሚሰጥ ፊልግራስቲም የሚባል መርፌ አለ፤ የሚያዝዘው ሐኪምዎ ነው።

ጥሬ ጉበቱን ግን እባክዎን አይብሉ። ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ የተደረገ ክትፎና ያልፈላ ወተት ለጤነኛ ሰው እንኳ የተሕዋስያን ስጋት አላቸው፤ ኒውትሮፊሉ ለወረደ ሰው ደግሞ ወደ ደም የሚገባ ኢንፌክሽን ሊያስከትሉ ይችላሉ። ያመጡልዎትን ጎረቤቶች አመስግነው በደንብ አብስለው ይብሉት። በእነዚህ ቀናት ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር ይኑርዎ፤ ሙቀትዎ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ብርድ ብርድ ብሎ ካንቀጠቀጠዎ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሄደው ኬሞቴራፒ ላይ መሆንዎን በመጀመሪያ ይናገሩ። ሳይለኩ ፓራሲታሞል መውሰድ ትኩሳቱን ስለሚደብቀው አልመክርም።

ሌላም ጉዳይ አለ። አንዳንድ ጊዜ ፕሌትሌት፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ሕዋስ፣ «በጣም አንሷል» የሚል ውጤት ወጥቶ ቤተሰብ ሁሉ ሲደነግጥ አያለሁ። ፕሌትሌት በብልቃጡ ውስጥ ካለው የደም መርጊያ መከላከያ የተነሣ እርስ በርሱ ተጣብቆ ማሽኑ በትክክል ሳይቆጥረው የሚቀርበት ጊዜ አለ። ከበፊቱ ጋር የማይመሳሰል፣ ያልተጠበቀ ቁጥር ሲመጣ «በማይክሮስኮፕ ይታይልኝ ወይም ይደገምልኝ» ማለት አግባብ ነው።

የሊምፎማ ታካሚ፣ ከአዳማ

እኅታችን የጻፉት በእኔም የደረሰ ነው። ቀስ ብሎ በሚሄድ የንፍፊት ካንሰር፣ ማለትም በሊምፎማ፣ ምክንያት ለዓመታት ከአዳማ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እየተመላለስኩ እታከማለሁ። መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ የእኔ ድካም ከሐዋሳ ከሚመጣው ሰው ድካም ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። የፖስታው ጭንቀት ግን የመንገድ ርቀት አይለየውም።

የእኔ ምክር ፖስታውን ከሐኪሙ ፊት ውጭ እንዳይከፍቱት ነው፤ ምክንያቴንም ልዘርዝር። ያ ወረቀት የተጻፈው ለእኛ አይደለም። ምስሉን ያነበበው ራዲዮሎጂስት ለሕክምናው ባለቤት ለሆነው ሐኪም የጻፈው መልእክት ሲሆን፣ ሙያው ስለሚያስገድደው ዓይኑ ያረፈበትን ነገር ሁሉ፣ ከካንሰሩ ጋር ግንኙነት ይኑረው አይኑረው፣ ይዘግባል። የኩላሊት የውኃ ከረጢት፣ ያረጀ ጠባሳ፣ በዕድሜ የመጣ የአከርካሪ ለውጥ ሁሉም እዚያ ይጻፋሉ። ያላረጋገጠውንም «ሊሆን ይችላል፣ ክትትል ያስፈልገዋል» ብሎ ያልፈዋል። ይህን በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሕክምና ቋንቋ ማታ ላይ በስልካችን እየፈለግን ስንተረጉም የምናገኘው ፍርሃትን ብቻ ነው።

በአንደኛው ስካን ሳንባዬ ላይ ትንሽ እብጠት ታየ የሚል ዘገባ ወጥቶ ነበር። ወረቀቱን አስቀድሞ ያነበበ አንድ ዘመዴ «ወደ ሳንባው ገብቷል» ብሎ ለቤተሰቡ ተናገረ፤ ባለቤቴም ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች። ሐኪሙ ግን የቀድሞውን ምስል አውጥቶ ጎን ለጎን ሲያስተያይ ያው ነጥብ በዚያው መጠን ቀድሞም የነበረ ነው፤ በወጣትነቴ የታከምኩት የሳንባ ነቀርሳ፣ ቲቢ የምንለው፣ ጥሎት የሄደው ጠባሳ መሆኑን አስረዳን። በአገራችን ቲቢ የታመመ ሰው ብዙ ስለሆነ እንዲህ ያለ ጠባሳ በብዙዎቻችን ሳንባ ላይ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ከዚህ ቀደም የታከሙት በሽታ ካለ ለምርመራ ክፍሉ ይናገሩ፤ የቀድሞውን ሲዲና ፊልምም፣ ከነዘገባው፣ ሁልጊዜ ይዘው ይሂዱ። ያለፈውን ምስል ያላየ ሰው ምን እንደተለወጠ ሊናገር አይችልም።

ቀናቱን ለማሳጠር የረዳኝ አሠራር ይህ ነው፦ በመጀመሪያ የሐኪሙን ቀጠሮ አስይዛለሁ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥሬ ስካኑን ለዚያ ቀጠሮ በጣም በቀረበው ቀን እንዲሆን እጠይቃለሁ። ምርመራ ማዕከሉ ከፈቀደ ደግሞ ፖስታውን የምወስደው በቀጠሮው ጠዋት ነው። ቤቴ ውስጥ ከሌለ አያስጨንቀኝም። ሁልጊዜ ይሳካል ማለቴ አይደለም፤ ማሽን ይበላሻል፣ ተራ ይረዝማል። ነገር ግን ከአምስት ቀን ወደ አንድ ቀን ዝቅ ማለቱ በራሱ ትልቅ ዕረፍት ነው።

«ባለበት አለ» ስለሚለው ቃል አዝነዋል። ሐኪሞች ዕጢው መቀነሱን ወይም ማደጉን የሚወስኑት ለዚሁ በወጣ መለኪያ ነው። የሚለኩት ዕጢዎች የመጠን ድምር ቢያንስ በ30 ከመቶ ሲቀንስ ሕክምናው ምላሽ ሰጠ ይላሉ፤ ከደረሰበት ዝቅተኛ መጠን ቢያንስ በ20 ከመቶ ሲጨምር ወይም አዲስ ዕጢ ሲታይ አደገ ይላሉ። በመካከል ያለው ሁሉ «ባለበት አለ» ይባላል። ስለዚህ በዚህ ስም የተጠራ ውጤት ጥቂት መቀነስንም ሊይዝ ይችላል። ዓላማው አፍኖ መያዝ ለሆነ ሕክምና ደግሞ በሽታው አለማደጉ መድኃኒቱ የታዘዘበትን ሥራ መሥራቱን ያሳያል። እኔ በዚህ ቃል ላይ ሆኜ ልጄን ድሬያለሁ።

የጡት ካንሰር ታካሚ፣ ከሐዋሳ

እህቴ፣ በዕድሜ ሳልበልጥሽ አልቀርምና አንቺ ብልሽ ቅር አይበልሽ። ከአዳማው ወንድማችን ጋር በብዙው እስማማለሁ፤ ፖስታውን በሚመለከት ግን ሐሳቤ ይለያል። ፖስታው ይከፈት አይከፈት ከሚለው በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ እርሱም የፖስታው ባለቤት ማን ነው የሚለው ነው።

እኔ መጀመሪያ ስታመም ናሙናው ከተመረመረ በኋላ ውጤቱን የወሰዱት ወንድሞቼ ነበሩ። ለእኔ ብግነት ነው ተባልኩ። በሹክሹክታ ይመካከራሉ፣ ስገባ ወሬ ይለውጣሉ፤ እኔም ያወቅሁት የተላክሁበት ክፍል በር ላይ የተጻፈውን ሳነብ ነው። አልፈርድባቸውም። እኛ ክፉ ወሬን ለባለቤቱ የምናደርሰው መርዶ በምናረዳበት ሥርዓት ነው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰዓት ተመርጦ፣ አቅም ያለው ሰው አጠገብ ሆኖ። ይህ ለሞት የተሠራ መልካም ሥርዓት ነው። ሕክምናዋን ራሷ ለምትከታተል፣ የደም ቁጥሯን ራሷ ለምታውቅ፣ ነገ ጠዋት ተነሥታ መርፌ ለምትወጋ ሴት ግን አይስማማም። ወንድምሽ ምንም ሳይናገር በፊቱ ብቻ ያስጨነቀሽ ለዚህ ይመስለኛል፤ ምናልባትም «ባለበት አለ» የሚለውን ቃል እርሱም እንዳንቺ በክፉ ተረድቶት ይሆናል። ያን ወረቀት ብቻውን ተሸክሞ የሰነበተው እርሱም ጭምር ነው።

ስለዚህ ስካኑ ሳይደርስ ወንድምሽን ቡና አፍልተሽ አስቀምጪውና ንገሪው። «ስለ እኔ የሚታወቅ ነገር ሁሉ በመጀመሪያ ለእኔ ይነገረኝ፤ ፖስታውን ያለ እኔ ማንም እንዳይከፍተው» በይው። ለሐኪምሽም በዚሁ ቃል ተናገሪና በካርድሽ ላይ እንዲጽፍልሽ ጠይቂው። የእኔ ሐኪም ጽፎልኛል፤ ከዚያ ወዲህ አስታማሚዎቼን ወደ ጎን ጠርቶ የሚያናግራቸው ሰው የለም። ወንድምሽን ግን ከነገሩ አታስወጪው። ቀጠሮ ስትገቢ አጠገብሽ ተቀምጦ ሐኪሙ የሚለውን በደብተር ይጻፍልሽ፤ የደነገጠ ሰው ከሚነገረው ግማሹን እንኳ አይሰማም።

እኔ ፖስታዬን እከፍታለሁ። ከእህቴ ጋር ሆነን፣ በቀን፣ በሥራ ቀን፣ ጥያቄ ቢኖረን የምንደውልለት ነርስ በሥራ ላይ ባለበት ሰዓት። ማታ አልከፍትም፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላም አልከፍትም። የመደምደሚያውን አንቀጽ ብቻ እናነብና ያልገባንን ለቀጠሮው እንጽፈዋለን እንጂ በስልክ አንፈልግም። አለማወቅ ከማወቅ ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ሰው ስለሆንኩ ይህ ይሻለኛል። አንቺ የትኛዋ እንደሆንሽ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ወንድማችን እንዳለው ሐኪሙ ፊት ቢከፈት የሚሻልሽ ከሆነ በዚያው አድርጊው። ሁለቱም ልክ ነው፣ የመረጥሽው አንቺ እስከሆንሽ ድረስ።

ስለሚጠይቁሽ ሰዎችም አንድ ነገር ልበል። የዕድራችን ሴቶች ሲወዱኝ የስካኔን ቀን ቆጥረው ይደውሉልኝ ነበር፤ «ውጤቱ ምን አለ?» የሚለው ጥያቄ ከሃያ ሰው ሲመጣ ግን መልስ መስጠቱ ራሱ በሽታ ይሆናል። አሁን ቀኑን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ለሌላው እህቴ ትመልሳለች። ማንም አልተቀየመኝም።

ጸበልና ጸሎት ለእኔ ብርታቴ ናቸው፤ ለሐኪሜም አልደብቅም። የጾሙን ነገር የንስሐ አባቴ «ለታመመ ሰው መድኃኒቱም ምግቡም ተፈቅዷል» ብለው ፈቱልኝ። የሚከለክልሽ ሰው ቢኖር የአንቺንም የንስሐ አባት ጠይቂ፤ ኬሞ እየወሰዱ ከምግብ መራቅ አቅምን ያሳጣል።

የራዲዮግራፊ ባለሙያ

ጠያቂዋ የማሽኑን ቀን እችለዋለሁ ቢሉም፣ ሌሎች አንባቢዎች ስለሚኖሩ ጥቂት ልጨምር። ሲቲ ስካን ላይ የሚሰጠው ኮንትራስት የተባለው ፈሳሽ ወደ ደም ሥር ሲገባ ከጉሮሮ እስከ ታችኛው ሆድ የሚወርድ ሙቀት፣ በአፍ ውስጥ የብረት ጣዕም፣ አንዳንዴም ሽንት ያመለጠ የሚመስል ስሜት ይፈጥራል። ሽንት ግን አላመለጠም፤ ስሜቱም ከአንድ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ይጠፋል። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ታካሚ ስለሚደነግጥ ይንቀሳቀሳል፣ ምስሉም ይበላሻል። ማሳከክ፣ የዓይን ወይም የፊት ማበጥ፣ የመተንፈስ ችግር ከተሰማዎ ግን ወዲያውኑ ድምፅ ያሰሙ፤ እኛ በመስታወቱ በኩል እናይዎታለን፣ እንሰማዎታለንም። ከዚህ በፊት በኮንትራስት እንዲህ ዓይነት ነገር የደረሰበት ሰው ገና ቀጠሮ ሲይዝ መናገር አለበት።

ፈሳሹ በኩላሊት በኩል ስለሚወጣ በቅርብ የተሠራ የክሬአቲኒን፣ ማለትም የኩላሊትን አሠራር የሚያሳየውን የደም ምርመራ፣ ውጤት ይዘው ይምጡ፤ ለኬሞቴራፒው የሰጡት ደም ላይ ብዙውን ጊዜ ስላለ ሌላ መርፌ ሊያተርፍልዎት ይችላል። ለስኳር ሕመም ሜትፎርሚን የሚወስዱ ሰዎች፣ በተለይ ኩላሊታቸው የደከመ ከሆነ፣ መድኃኒቱን ለጊዜው ማቋረጥ ሊኖርባቸው ስለሚችል አስቀድመው ይንገሩን። ለኮንትራስቱ የሚገባው መርፌ ከደም መቅጃው ወፈር ያለ ስለሆነ፣ የላብራቶሪ ባለሙያው ስለ ውኃ መጠጣትና ስለ ሙቀት የጻፉት እዚህም ይሠራል። ቀረጻው ራሱ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ጊዜ የሚወስደው ዝግጅቱና ወረፋው ነው።

ወደ ኤምአርአይ ከተላኩ ነገሩ ይለያል። ጠባብ ቦታ ውስጥ ከ20 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ሊያቆይ ይችላል፣ ድምፁም ከፍተኛ ነው። ጠባብ ቦታ የሚያስፈራዎ ከሆነ በዕለቱ ሳይሆን አስቀድመው ለሐኪምዎ ይናገሩ፤ የሚያረጋጋ መድኃኒት ሊያዝልዎ ይችላል፤ በዚያ ቀን ግን ሰው ይዘው መምጣት ይኖርብዎታል። ከመግባትዎ በፊት ዓይንዎን ጨፍነው ከገቡ፣ እስከሚወጡም ካልገለጡ፣ ብዙ ሰዎች እንደሚነግሩኝ ይቀላል።

መምህርቷ፣ ከሐዋሳ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወንድሜን ዛሬ አናገርኩት። በእውነትም ወረቀቱ ላይ ያነበበው ቃል አስደንግጦት ለማን እንደሚናገር ጠፍቶት እንደነበር ነገረኝ፤ ከዚህ በኋላ ያለ እኔ እንደማይከፍተው ተስማምተናል። ሳስበው እኔ ሐኪሙ ፊት ቢከፈት ከሚመርጡት ወገን ነኝ፤ ስለዚህ የአዳማውን ወንድሜን አሠራር ተከትዬ የስካኑን ቀን ወደ ቀጠሮዬ አስጠግቼዋለሁ፤ ፖስታውንም ወንድሜ በቀጠሮው ጠዋት ወስዶ ሆስፒታል በር ላይ ያገኘኛል። የእህቴንም ምክር ይዤ ለሐኪሜ ጥያቄዬን በካርዴ ላይ አስጽፋለሁ። ጥሬ ጉበቱም ቀርቷል።

ለላብራቶሪው ባለሙያ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ሲኢኤ የሚባለውን የካንሰር ጠቋሚ ምርመራ ባለፈው ወር በአንድ ላብራቶሪ አሠርቼ 4.8 ሆነ፤ በዚህ ወር ኬሚካል ስላለቀ ሌላ ቦታ አሠራሁና 6.1 መጣ። በሽታው ጨምሮ ይሆን?

የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ከሐዋሳ

እህቴ፣ ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ተነሥቶ ጨምሯል ማለት አይቻልም። ሲኢኤ የሚለካባቸው ማሽኖችና ኬሚካሎች ከላብራቶሪ ላብራቶሪ ስለሚለያዩ የአንድ ሰው ደም በአንድ ቀን በሁለት ቦታ ቢለካ እንኳ የተለያየ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። በዚያ ላይ ሲጋራ ማጨስ፣ የጉበት ሕመምና የአንጀት ብግነት ከፍ ያደርጉታል፤ ኬሞቴራፒ በተጀመረባቸው የመጀመሪያ ሳምንታትም ለጊዜው ከፍ ብሎ መልሶ የሚወርድበት ሁኔታ አለ። ሐኪሙ የሚመለከተው በአንድ ዓይነት መለኪያ ተደጋግሞ የታየውን አካሄድ ነው፤ እሱንም ከስካኑና ከእርስዎ የጤና ሁኔታ ጋር ያገናዝበዋል።

የሁለቱንም ወረቀት የላብራቶሪዎቹ ስም እንዲታይ አድርገው ለቀጠሮው ይውሰዷቸው። በሚቀጥለው ጊዜ በመጀመሪያው ላብራቶሪ ያሠሩ፤ ከመሄድዎ በፊትም ኬሚካሉ መኖሩን በስልክ ይጠይቁ። የግድ ቦታ መቀየር ካለብዎት ደግሞ ከዚያ በኋላ በአዲሱ ቦታ ይጽኑ፤ የመጀመሪያውን የአዲሱን ቦታ ቁጥር ሐኪምዎ እንደ መነሻ ይይዘዋል።